መኪና ድንገት ሲበላሽ ለክፉ ቀን ካስቀመጣችሁት ብር እንዴት ይከፈላል?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ቀላል ነው፣ ዳገቱ ግን አይደለም። የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ኮፈን ከፍተው የቆሙ መኪኖች ማየት ብርቅ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቀን ብር አስቀምጣችሁ ከሆነ ጎሽ! ቀጣዩ ጥያቄ ብሩ እንዴት ይውጣ ነው።

1. መኪናውን አቁሙ። የሙቀት መርፌው ከወጣ ሞተሩን አጥፉ። ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፣ ፊት ያቃጥላል። «ሐረር ልድረስና አሳየዋለሁ» የሚባለው ነገር ነው ኪስ የሚያራግፈው። በአንዲት ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) ያልቅ የነበረው ጣጣ ጋስኬት (ማሸጊያውን) ያቃጥላል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል።

2. የክፉ ቀን ነው ወይስ የታወቀ ወጪ? ዘይት፣ ጎማ፣ ቦሎ ቀናቸው ይታወቃል። ይህን ብር አይነኩም። ኢንሹራንስም አትጠብቁ። ግዴታ የሆነው የሶስተኛ ወገን መድን የሚክሰው እናንተ የጎዳችሁትን ሰው ነው። ሙሉ ዋስትና ያለው ሰውም ቢሆን አርጅቶ ለተበላሸ ዕቃ ብዙ ተስፋ ባያደርግ ይሻለዋል።

3. ብሩን ከፋፍላችሁ አውጡ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ሞተር ሳይፈታ የሚጠራ ዋጋ ግምት ነው። ስለዚህ ብሩን ጠቅልላችሁ ይዛችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ለማስፈቻና ለማየት ብቻ ተስማሙ። «ከፈታኸው በኋላ ሳትደውልልኝ ምንም እንዳትገዛ» በሉ። ሁለተኛው ክፍያ ለመለዋወጫ ነው፣ ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ። ሦስተኛው የእጅ ዋጋ ነው፣ መኪናው ተሞክሮ ሲያልፍ።

አንድ የማውቀው ሹፌር ቴስታታ ይለወጥ ተብሎ ሙሉውን ቀድሞ ከፈለ። ሲፈታ ቴስታታው ደህና ነበር፣ የተቃጠለው ጋስኬቱ ነው። የተረፈው ብር ግን አልተመለሰለትም። ይሄም ያ'ም ተነካክቶ አለቀ። ጋራዥ የገባ ብር ሥራ አያጣም።

እዚህ ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ሰዉ ፍቅር ነው፣ ሁሉም አንተ አንቺ ይባባላል። ዋጋ ስትጠይቁ «አቦ፣ ሂሳቡ አይጨንቅህ!» ትባላላችሁ። ይጨንቃችሁ! የእጅ ዋጋው ለብቻ፣ ዕቃው ለብቻ፣ በወረቀት ይጻፍ። ቅር የሚለው መካኒክ እስካሁን አልገጠመኝም፣ ቢስቁብኝ እንጂ። ደግሞ በጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀትና በበርጫ ለሽ ይላል፣ የችኮላ ውሳኔም የሚመጣው ያኔ ነው።

ዝርዝሩ እጃችሁ ሲገባ እያንዳንዱን መስመር እንዲህ ጠይቁ፦ ይሄ ካልተሠራ መኪናው ይቆማል? ሰው ይጎዳል? ሌላውን ዕቃ ያበላሻል? ፍሬን፣ መሪ፣ የውሃ ፖምፓ አሁኑኑ ይከፈልላቸዋል። የተሰነጠቀ መብራት፣ የማይዘጋ መስኮት ይቆዩ። ኤሲ ድሬ ላይ ቅንጦት አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ከሚቀጥለው ደሞዝ ይሠራ።

4. ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከአዲሱ ጋር አጠጋግታችሁ ቀዳዳውን ሳይቀር አስተያዩ። ቢያንስ ሁለት ሱቅ ጠይቁ። ሁሉም ነገር አዲስ ይሁን ማለት አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ማምረት ያቆመችውን ፔጆ 404 ሐረር ስንት ዘመን በታክሲነት ያኖሩት መካኒኮች በእጃቸው ጠግነው ነው። የፈሰሰ ራዲያተር ይበየዳል፣ የደከመ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ይታደሳል። የፍሬን ሸራ ላይ ግን ርካሽ አትፈልጉ።

ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ዕቃ) «አውጥተን እንጣለው፣ ይቀዘቅዛል» የሚለውን ምክር እኔ አልወደውም። ሞተሩ በትክክለኛ ሙቀቱ ካልሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ራዲያተር ውስጥ ደግሞ የቧንቧ ውሃ አትጨምሩ። ቤታችሁ ያለውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይጋገራል። ኩላንት (ለራዲያተር የተሠራው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይሻላል።

5. በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉ፣ ደረሰኝ ያዙ። የእጅ ዋጋውን ከመጨረሳችሁ በፊት መኪናውን ዳገት አስወጡት። ሜዳ ላይ ደህና የመሰለ ሞተር ደንገጎ ላይ ይጋለጣል። ቀሪው ክፍያ መካኒኩን አብሯችሁ እንዲሄድ የሚያደርገው መያዣ ነው።

6. የጎደለውን መልሱ። በፊት የነበረውን ያህል ብቻ አትመልሱ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በድሮው ሂሳብ አይገዛም። አሁን የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አውጡና አዲሱን ልክ በሱ አስሉ። ብሩ ከዕለት ሂሳባችሁ የተለየ፣ ካርድ የሌለው ደብተር ውስጥ ይቀመጥ። ዕቁብ ካላችሁ ዳኛውን አናግሩት፣ ችግር የገጠመውን ሰው ቀድሞ ማስወጣት የተለመደ ነው። ዕጣው የወጣላችሁ ቀን ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት በባንኩ በኩል እለፉ።