ነጥብ ስትሰጡ በሰው ሳይሆን በመስፈርት ሂዱ

ሠራተኛ፣ ተማሪ ወይም የሥራ አመልካች በነጥብ የምትመዝኑ ሰዎች፣ የአንዱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች ሞልታችሁ ወደ ሌላው አትለፉ። አንድ መስፈርት ያዙና ሁሉንም ሰው በሱ ጨርሱ፤ መጀመሪያ የሁሉንም ሰዓት አክባሪነት፣ ከዚያ የሁሉንም የሥራ ጥራት። ከነጥቡ አጠገብ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ "ሪፖርቱን ሁለቴ አዘግይቷል" ዓይነት። የምትጽፉት ከጠፋ ነጥቡ ግምት ነውና ባዶ ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አእምሯችን ባሕርያትን አያይዞ ነው የሚያስቀምጣቸው። አንደበተ ርቱዕ ሰው ሥራም የሚችል ይመስለናል፣ ዝምተኛው ደግሞ በራሱ የማይተማመን፣ ሁለቱንም ሳናይ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው በቁመና፣ በብልህነት፣ በመሪነትና በጠባይ የሰጡት ነጥብ ከሚገባው በላይ ተያይዞ አግኝቶታል። በመስፈርት ስትሄዱ ግን ሰውን ከሰው ጋር ስለምታነጻጽሩ በአንዱ መስፈርት የሰጣችሁት 5 ነጥብ ወደ ቀጣዩ መስፈርት በቀላሉ አይፈስም። ሞክሩት።

ቃለ መጠይቁ በብዙ ቀናት የተከፋፈለ ከሆነ ግን ይህን እንዳለ አትጠቀሙበት፤ ትዝታ ይደበዝዛል። እዚያ ላይ እያንዳንዱን መልስ ሰውየው እንደወጣ ነጥብ ስጡት።