ቡችላ ስትገዙ ዓላማችሁን አትደብቁ
ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ ብላችሁ ልታራቡት ያሰባችሁትን ቡችላ «ለልጆቼ ጓደኛ ነው» አትበሉ። ገና ስትደውሉ ለግቢ ጥበቃ፣ ለቤት ወይስ ለማራባት እንደሆነ ለአርቢው በግልጽ ንገሩት፤ ቀን ቀን ቤት ሰው የማይኖር ከሆነ ያንንም ጭምር። እናንተ ቡችሎቹን የምታዩአቸው ለግማሽ ሰዓት ነው፤ እርሱ ግን ሳህን ሲወድቅ ደንግጦ ከእናቱ ሥር የሚገባውንና ወደ ድምፁ የሚሮጠውን ለይቶ ያውቃል። በተለይ ጀርመን ሼፐርድ ለማራባት ከሆነ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ጠይቁ፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይተላለፋል። ሻጩ ያለውን ሁሉ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ወይም 8 ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ የሚሰጥ ከሆነ ግን ግልጽነታችሁ ምንም አይፈይድም፤ ሌላ አርቢ ፈልጉ።