በቆልማማ እግር የተወለደ ልጅን በረዶ ላይ እንዴት እናስጀምር?

ልጄ ሲወለድ ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ የአንዱ ውስጥ እግር የሌላውን ያይ ነበር። ጀሶውን አልፈናል። ጅማቱ ተቆርጧል። ከብሬሱ (እግሮቹን ወደ ውጭ አዙሮ ከሚይዘው፣ በብረት ከተያያዘው ጥንድ ጫማ) ጋር ዓመታት ታግለናል። አራት ዓመት ሲሞላው ልጆች በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ አየና «እኔስ?» አለኝ። «እናያለን» አልኩት። «እናያለን» ማለት «አይሆንም» ማለት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ግን የለም።

ተሳስቼ ነበር፣ ይሆናል። ግን ጫማ ተከራይቶ መውጣት ብቻውን አይበቃም። እኛ እንደዛ ሞክረን የመጀመሪያው ቀን በ10 ደቂቃ በለቅሶ አለቀ። እኔም በልቤ «እግሩ አልቻለም» አልኩ። ለካ ያልቻለው ጫማው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ደረጃ 1፦ እግሩን እወቁት

ቆልማማ እግር (ክለብፉት) ከ1,000 ሕፃናት በ1 ገደማ ላይ ይታያል። ወንዶች ላይ ከሴቶች በእጥፍ ይበዛል፣ ግማሽ ያህሎቹም ሁለቱም እግራቸው ላይ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታከመው በፖንሴቲ ዘዴ ነው። ዘዴው ስሙን ያገኘው አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከሠሩት ሐኪም ከኢግናሲዮ ፖንሴቲ ነው። በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ ይፈጃል። ከዚያ አብዛኞቹ ላይ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ይቆረጥና የመጨረሻው ጀሶ 3 ሳምንት ይቆያል። ቀጥሎ ብሬስ ይመጣል፦ መጀመሪያ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላው ማታና በእንቅልፍ ሰዓት።

ይህን ሁሉ ያለፈ እግር ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ኳስ ይመታል። ሦስት ነገር ግን ሊቀር ይችላል። እግሩ ትንሽ ያጥራል፣ ባቱ ይቀጥናል፣ ቁርጭምጭሚቱም ወደ ላይ የመታጠፍ አቅሙ ከሌላ ልጅ ያንሳል። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

«በዚህ እግር በረዶ ላይ?» ለሚላችሁ ዘመድ ደግሞ አንድ ስም ልስጣችሁ፦ ክሪስቲ ያማጉቺ። በቆልማማ እግር ተወልዳ፣ በሕፃንነቷ ጀሶ አስራ ያደገች አሜሪካዊት ናት። በ1992 አልበርትቪል ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በፊገር ስኬቲንግ (ምላጭ ባለው ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚታይ ትርኢት) ወርቅ ወስዳለች። እኔ ይህን ካልኩ በኋላ ዘመድ ዝም ይላል።

ደረጃ 2፦ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ግን በደንብ ጠይቁ

«ስፖርት ይችላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «አዎ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ምንም አላተረፋችሁም። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ስንት ዲግሪ ይታጠፋል? ሁለቱ እግሮች እኩል ይታጠፋሉ? የመመለስ ምልክት (እግሩ እንደገና ወደ ውስጥ መታጠፍ መጀመሩ) አለ? አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ደግሞ የእግሮቹ ቁመት ልዩነት አለው ወይ?

እቤትም አንድ ነገር ማየት ትችላላችሁ። ልጁን ባዶ እግሩን አድርጋችሁ ወለል ላይ ቁጢጥ በል በሉት። ተረከዙ መሬት ይነካል? ወይስ ከፍ ብሎ በጣቶቹ ይቆማል? ልጄ ቁጢጥ ሲል የግራው ተረከዝ እንደ ወረቀት ቀጭን ክፍተት ትቶ ይቆማል። ያቺን ክፍተት እያየሁ ነው በኋላ የስኪ (ሁለት ረጅም፣ ጠፍጣፋ ነገር እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል የመንሸራተት) ጫማ የመረጥኩት። ሲራመድ በእግሩ የውጭ ጠርዝ የሚረግጥ ከሆነ፣ ወይም ተረከዙ ከድሮው ይልቅ አልወርድ እያለ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሐኪም፣ በረዶው ይቆያል።

ጀሶ ላይ ያለ ልጅ ይጠብቅ። የጅማት ማዘዋወር ቀዶ ሕክምና የተደረገለትም ሐኪሙ በቃሉ «ሂድ» እስኪለው ይጠብቅ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ደረጃ 3፦ ከቀላሉ ጀምሩ

በሸርተቴ (ስሌድ) ጀምሩ። እግር ብዙ አይጠይቅም፣ ልጁ ግን ቅዝቃዜውንም መውደቁንም ይለምዳል። ተቀምጦ፣ እግሩ ወደ ፊት ሆኖ፣ ሄልሜት አድርጎ ይሂድ። ትንሽ ከሆነ ትልቅ ሰው አብሮት ይቀመጥ። በሆድ ተኝቶ በጭንቅላት መውረድ አይሆንም። የሚወርድበት ጫፍ ላይ ዛፍ፣ አጥር ወይም መንገድ እንዳይኖር ቀድማችሁ እዩ።

ከ3 ዓመት ገደማ በኋላ ስኬቲንግ ይቀጥላል። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ይህንኑ ነው፣ በኔ እምነት ግን ለእነዚህ ልጆች ከስኪ የሚቀል እሱ ነው። ጫማው ቁርጭምጭሚቱን አቅፎ ይይዛል፣ ሜዳው ጠፍጣፋ ነው፣ ሲደክም ከዳር መቀመጥ ይቻላል። ስኪ 4 ዓመት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ስኖውቦርድ (ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰፊ ሰሌዳ ላይ የሚታሰሩበት) ቁርጭምጭሚትን ብዙ ስለሚያጥፍ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ደረጃ 4፦ ከመውጣታችሁ በፊት እቤት ተለማመዱ

ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃል። ጥርሱን ሲቦርሽ በአንድ እግሩ ይቁም፣ ቀጥሎ በሌላው። ኮሪደር ላይ ጣቶቹን ወደ ላይ አንስቶ በተረከዙ ብቻ ይራመድ። እንደ ዳክዬ ቁጢጥ ብሎ ይሂድ። ጨዋታ ካልሆነ አያደርገውም፣ ስለዚህ እናንተም አብራችሁ ዳክዬ ሁኑ። (ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።)

አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ቀጭኑ ባት ቶሎ ይደክማል። ልጁ ሳያውቀው ክብደቱን በጤነኛው ላይ ይጥላል። ስለዚህ በደካማው እግር መቆሙን በቁጥር ጨምሩለት፣ 5 ቆጥሮ የነበረ 8 ይቁጠር።

ደረጃ 5፦ ጫማው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ሁለቱንም እግር ለየብቻ ለኩ። ወረቀት ወለል ላይ አንጥፉ፣ ልጁ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም፣ ከረጅሙ ጣት ጫፍ ላይ መስመር አስምሩ። በሴንቲሜትር ጻፉት። የስኪ ጫማ ቁጥር ራሱ የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ነው፣ 18.5 የሚል ጫማ 18.5 ሴንቲሜትር ለሆነ እግር ነው። ቀኙ 18.5፣ ግራው 17.5 ከሆነ ሁለት የተለያየ ቁጥር ጠይቁ። ኪራይ ቤቱ ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል። እኛ የመጀመሪያው ቀን ላይ «ወፍራም ካልሲ ደርቡለት» ተብለን ሰምተን ነው የተጎዳነው። ካልሲ አትደርቡ። ካልሲ ሲደረብ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደው ይላጣል፣ እግሩም ይበርደዋል። አንድ ስስ፣ ረጅም ካልሲ በቂ ነው።

የስኪ ጫማ ስትሞክሩ ውስጠኛውን ለስላሳ ጫማ አውጡት። ልጁ ባዶውን ፕላስቲክ ውስጥ ይቁም፣ ጣቶቹ ፊት ለፊቱን ይንኩ። ከተረከዙ ኋላ ጣታችሁን አስገቡ። አንድ ጣት ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው። ከሁለት ጣት በላይ ከገባ ይሰፋዋል፣ «ለሚመጣው ዓመትም ይሆነዋል» ብላችሁ አትግዙ። በሰፊ ጫማ ውስጥ ያጠረ እግር ይዋኛል፣ ልጁም ስኪውን ማዘዝ አይችልም።

አሁን የቁርጭምጭሚቱ ነገር። የስኪ ጫማ ቅልጥምን ወደ ፊት አዘንብሎ ነው የሚይዘው፣ ብዙ ጫማ ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ። ቁርጭምጭሚቱ ያን ያህል የማይታጠፍ ልጅ ዘለበቱ ሲዘጋ ተረከዙ ከታች ይነሳል። ከውጭ አይታይም፣ ልጁም «ተረከዜ ተነሳ» አይልም። «እግሬን አመመኝ» ነው የሚለው፣ ወይም ወደ ኋላ ተደግፎ ይቆማል። መፍትሔው ከተረከዙ ስር ስስና ጠንከር ያለ ሽብልቅ ማስገባት ነው። ተረከዙ ወለል ያገኛል፣ ከቁርጭምጭሚቱ የሚፈለገው መታጠፍም ይቀንሳል። ጫማው ራሱ ለስለስ ያለ ይሁን። የሽብልቁን ውፍረት ፊዚዮቴራፒስቱ ወይም ጫማ የሚያስተካክለው ባለሙያ ይወስን።

ሲያለብሱት ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። ይቁም፣ ተረከዙን መሬት ላይ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ ያድርግ፣ መጀመሪያ የእግሩን ጀርባ የሚይዘውን ዘለበት ዝጉ። ሌላው በኋላ ይዘጋል።

ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ ልጁ ሲወድቅ እንዲለቀው ተደርጎ ይስተካከላል። ማስተካከያው በክብደቱ፣ በቁመቱ፣ በዕድሜውና በጫማው የሶል ርዝመት ነው። የሶሉ ርዝመት ብዙ ጊዜ ተረከዙ አካባቢ በሚሊሜትር ተጽፏል። ሁለት የተለያየ ቁጥር ጫማ ከሆነ የሶሉም ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል ሁለቱ መቆለፊያዎች ለየብቻ ይስተካከሉ። ይህን በቃል ንገሯቸው፣ «አስተካክለነዋል» ሲሏችሁም «ሁለቱንም?» በሉ። ራሳችሁ በቢላ ጫፍ አትነካኩት።

የስኬቲንግ ጫማ ሌላ ነው። ጥብቅ ብሎ፣ ጣቶቹ ፊት ለፊቱን ነካ የሚያደርጉበት ይሁን። ማሰሪያውን ጣቶቹ ላይ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበት ላይ ጠበቅ፣ ከላይ ደግሞ መካከለኛ አድርጉት። ሁሉንም እኩል ካጠበቃችሁት ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን እየወደቀ ካስቸገረ ቶሎ እግሩን አትውቀሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሰፊ ጫማ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም የደነዘ ምላጭ ነው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚወድቅ ከሆነ፣ በብሎን የሚታሰር ምላጭ ያለው ጫማ ላይ ምላጩን ጥቂት ወደ ጎን ማንቀሳቀስ ይቻላል። አንዳንድ ጫማ በሙቀት ተለስልሶ እግሩን እንዲመስልም ይደረጋል። ባለሁለት ምላጭ የሕፃን ስኬት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያደፋፍራል፣ ጠርዝ ስለሌለው ግን መታጠፍ አያስተምርም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀን

20 ደቂቃ፣ ቢበዛ 30። ደስ ብሎት ቢለምናችሁም።

15ኛው ደቂቃ ላይ ጫማውን አውልቁና እግሩን እዩ። አዎ፣ ያሰለቻል፣ ሰውም ያያችኋል። ተረከዙን፣ የትንሿን ጣት ጎን፣ የእግሩን ጀርባ እዩ። የቀላውን ቦታ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። ነጭ ሆኖ ተመልሶ ቀስ እያለ ከጠፋ ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ያው ቀይ ከሆነ ጫማው እዛ ጋ ይነክሰዋል፣ ለዛሬ በቃ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙና ስትነኩት የማይሰማው ከሆነም በቃ፣ ሙቀት ወዳለበት ግቡ።

አሰልጣኝ ካለ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት፦ «በቆልማማ እግር ነው የተወለደው፣ ታክሟል። ግራው ቶሎ ይደክማል፣ ብዙም አይታጠፍም።» ሌላ ታሪክ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ጠይቁት፦ ወደ ሁለቱም ጎን እንዲያዞረው። ልጅ የሚቀናውን ጎን ብቻ እየመረጠ ይዞራል፣ ደካማው እግር የሚገፋበትን መታጠፍ ይሸሻል።

ስኪ ላይ ልጆች ለመቆም የሚማሩት ፊቱ ጠባብ፣ ኋላው ሰፊ የሆነ «ፒዛ» የሚባል አቋም ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ስንት ዓመት ወደ ውጭ ያዞርነውን እግር መልሰው ወደ ውስጥ? ፊዚዮቴራፒስቱ ነው ያረጋጋኝ፦ እግሩ ጫማው ውስጥ ቀጥ ብሎ ተይዟል፣ የሚዞረው ከዳሌ ጀምሮ ሙሉው እግር ነው። የመመለስ ምልክት ላለበት ልጅ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን አማክሩ።

ደረጃ 7፦ ማታ

ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ልጁ ገና ማታ ማታ ብሬስ የሚያደርግ ከሆነ፣ ለእረፍት ስትሄዱ መጀመሪያ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ብሬሱ ነው፣ ብረቱም ጭምር። «ደክሞታል፣ ለሦስት ቀን ምን አለበት» አይባልም። ቆልማማ እግር ተመልሶ እንዲመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ብሬስ መተው ነው።

ለዚህም ነው ቀን ላይ በ20 ደቂቃ ያጨናነቅኳችሁ። የበረዶ ጫማ ቀን ላይ ተረከዙን ከላጠው፣ ማታ ብሬሱ እዛው ቁስል ላይ ያርፋል። ልጁ ይጮሃል፣ እናንተ ታዝናላችሁ፣ ብሬሱ ይወልቃል። የተላጠ ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካያችሁ ለሚያክመው ሰው ደውሉና ብሬሱን እንዴት እንደምታደርጉ ጠይቁ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ። በነጋታውም በረዶ የለም።

እግሩን በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በደንብ አድርቁት። እርጥብ ቆዳ ብሬስ ውስጥ ቶሎ ይላጣል። ባቱን በእጃችሁ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ እሹት፣ ሐኪሙ ያሳያችሁን የማሳሳብ እንቅስቃሴ ሥሩ፣ ደረቅ የጥጥ ካልሲ አድርጉለትና ብሬሱን እሰሩ። የበረዶውን ጫማ ውስጠኛ ክፍል አውጥታችሁ አየር የሚያገኘው ቦታ ላይ አንጠልጥሉት። የእኛው ልጅ ብረቱን አልጋው ጠርዝ ላይ ቋ ቋ እያደረገ ነው የሚተኛው፣ ያን ቀን ግን አንዴ ብቻ ቋ አደረገና ዝም አለ።