ክርን የሚያሳምም ራኬት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጀበና ሲያነሡ ወይም የበር እጀታ ሲያዞሩ የክርንዎ የውጭ ጎን የሚወጋዎት ከሆነ፣ ሕመሙ «የቴኒስ ክርን» የሚባለው ሳይሆን አይቀርም፤ የእጅ አንጓን ወደ ኋላ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ከአጥንቱ ጋር የሚያያዙበት ጅማት ተጎድቷል ማለት ነው። ባክሃንድን (በእጅ ጀርባ በኩል የሚመታውን ምት) ዘግይቶ መምታት እንደሚያባብሰው አሠልጣኝዎ ስለነገረዎት አልደግመውም። በዚህ ሕመም ምክንያት ወደ ክር መወጠሪያ ማሽኔ ከሚመጡት ራኬቶች በአብዛኞቹ የማገኘው ግን አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ቀላልና ግትር ፍሬም (ክሩን የሚይዘው የራኬቱ አካል) ላይ ጠብቆ የተወጠረ የፖሊስተር ክር። ክርና ክርን የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ መሆኑ ለደንበኞቼ ማስረዳቱን ያቀልልኛል።

ብራዚላዊው ተጫዋች ጉስታቮ ኩርተን በ1997 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩን ታላቅ የቴኒስ ውድድር ሮላንድ ጋሮስን ያሸነፈው በፖሊስተር ክር ነበር፤ ዛሬ በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወተውም ሰው ይህንኑ ካልወጠርክልኝ ይላል። ክሩ ግትር በመሆኑ ኳሱ ሲያርፍበት ብዙም አይለጠጥም፤ የምቱ ኃይልም በፍሬሙ አልፎ ክንድ ላይ ያርፋል። ከ10 እስከ 20 ሰዓት ከተጫወቱበት በኋላ ክሩ ይሞታል፣ ማለትም የነበረውን ጥቂት መለጠጥም ያጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለማይበጠስ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ይዞት ይዞራል። ልጃቸው ከአሜሪካ በላከላቸው ራኬት የሚጫወቱ አንድ ጡረተኛ ከወጌሻ ወጌሻ ሲመላለሱ ከርመው መጡ። ክሩን በጣቴ ስገፋው እንደ ሽቦ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ክር ሞቷል» ስላቸው «ልጄ፣ መቼ ተበጠሰና!» አሉኝ፤ ሦስት ዓመት አልተቀየረም። መልቲፊላመንት (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ለስላሳ ክር) በ50 ፓውንድ ውጥረት ወጠርኩላቸው። ስድስት ሳምንት እንዲያርፉ ነግሬያቸው አራቱን ብቻ አረፉ፤ እንደዚያም ሆኖ ክርናቸው ተሻላቸው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ በተሠራ ኳስ የሚጫወት ሰው ኳሱ መስመር እያለፈ ሲሄድበት በክሩ ያሳብብና «አጥብቅልኝ» ይላል። አንድ ወጣት ፖሊስተሩን 60 ፓውንድ እንዳደርግለት ተሟግቶኝ፣ እምቢ ስለው ሌላ ቦታ አስወጥሮ፣ በሁለተኛው ወር ራኬቱን በግራ እጁ ይዞ ተመለሰ። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም፤ መለወጥ ያለበት ኳሱ ነው።

ስለዚህ አዲስ ራኬት ከመግዛትዎ በፊት ክሩን ያስቀይሩ። መልቲፊላመንት ይበቃል፤ አቅም ካለ ከከብት አንጀት የሚሠራው ክር ከሁሉም ይለሰልሳል። ውጥረቱ ፍሬሙ ላይ ከተጻፈው መጠን በዝቅተኛው ጫፍ ይሁን። የድሮውን ክር ራስዎ የሚቆርጡ ከሆነ ከመሐል ጀምረው ቋሚውንና አግዳሚውን እያፈራረቁ ወደ ዳር ይሂዱ፤ አንዱን ወገን ብቻ ቆርጦ መተው ፍሬሙን ያጣምመዋል። ራኬቱንም ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ አይተዉት። ይህን ደጋግሜ ተናግሬ የሰማኝ ጥቂት ነው።

ክሩ ተቀይሮ፣ በቂ እረፍት ተወስዶ ሕመሙ ከቀጠለ ተጠያቂው ፍሬሙ ነው። ሻጮች «ቀላል ስለሆነ እጅ አይጎዳም» እያሉ የሚያቀርቡት 250 ግራም የሚመዝን ግትር ራኬት ኳሱን ስለማይቋቋም ንዝረቱን ሁሉ ለክንድ ያስረክባል። ከነክሩ ከ300 እስከ 320 ግራም የሚመዝን፣ ክብደቱ ወደ እጀታው ያደላ፣ አርኤ የሚባለው የግትርነት መለኪያው ከ62 የማይበልጥ ይምረጡ፤ ዊልሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክላሽ የተባለው ራኬት ለምሳሌ ከ60 በታች ነው። አንገቱ በፕላስቲክ የተገጣጠመ የአሉሚኒየም ራኬት ግን ለልጅ መጫወቻ ይሁን እንጂ ወደ እኔ አይምጣ።

እጀታውን ጨብጠው በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ መካከል የሌላኛው እጅዎ ሌባ ጣት ካልገባ እጀታው ቀጥኗል፤ የቀጠነ እጀታ አጥብቆ መጨበጥን ያስከትላልና ኦቨርግሪፕ (በእጀታው ላይ የሚጠቀለል ስስ መሸፈኛ) ይጨምሩበት። ክሩ ላይ የምትሰካው ትንሽ ላስቲክ የምትቀንሰው ድምፁን ብቻ ነው። የክርን የውስጥ ጎን ሕመም ብዙውን ጊዜ ከፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል ከሚመታው ምት) እና ከሰርቭ (ጨዋታ ከሚያስጀምረው ምት) አመታት ይመጣል። ጣት የሚያደነዝዝ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ሰው ግን ራኬቱን ቤት ትቶ ወደ ሐኪም ይሂድ።