ሌሊት ለሚነዱ፦ እንቅልፍ መሪ ላይ ሳይጥላችሁ

በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ የከባድ መኪና ሹፌር ክፉው ሰዓት ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ነው። በዚህ ጊዜ የማንም ሰው ሰውነት ይፈዛል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም ቀለል ብሎ ይደገማል። ዕረፍታችሁን በእነዚህ ሰዓታት ላይ አድርጉት።

ትልቁ ሥራ ያለው ከመነሳታችሁ በፊት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የነቃ ሰው ምሽት 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሳይተኛ ቆይቷል፤ ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው አይሻልም። ብዙ ሹፌር የሚቆጥረው መሪ የያዘበትን ሰዓት ብቻ ነው፤ ጭነት ሲጠብቅ የዋለበትን ይረሳዋል። ሌሊት የሚነዳ ሰው ከመነሳቱ በፊት፣ ቀን ላይ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ተኩል ይተኛ። መስኮቱ ይጋረድ፣ ስልኩም ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ።

ደጋግሞ ማዛጋት፣ መስመር መሳት፣ ያለፉትን ኪሎ ሜትሮች አለማስታወስ ከታየ ቁሙ። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለ4 ሰከንድ ሸለብ ያደረገው ሹፌር 90 ሜትር ያህል ሳያይ ይሄዳል። መስኮት መክፈትም ሆነ ሙዚቃ ማስጮህ የሚያነቃው ለደቂቃዎች ብቻ ነው።

ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጉ። ሁለት ሲኒ ቡና ቶሎ ጠጥታችሁ የስልኩን ደወል ለ20 ደቂቃ ሙሉና ጋቢና ውስጥ ጋደም በሉ። ቡናው መሥራት የሚጀምረው ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ስትነቁ ይደርስላችኋል። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ግን ከባዱ እንቅልፍ ይገባል፣ ስትነሱም ትደነዝዛላችሁ። ከነቃችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ጎማና ጭነት እያያችሁ ተዘዋወሩ እንጂ ወዲያው አትንዱ። ይህ ዘዴ የሚያቆያችሁ ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው ደህና እንቅልፍ ብቻ ነው።

ጫት ንቃት ይሰጣል፣ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አይተካም። ምርቃናው ሲያልቅ ድካሙ ባንዴ ይወርዳል፤ ከደረሳችሁ በኋላም እንቅልፍ ስለሚነሳችሁ ቀጣዩን ጉዞ ሳትተኙ ትጀምራላችሁ።

ባለንብረቶችም የመድረሻ ሰዓት ስትቆርጡ ዕረፍቱን አስቡበት። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ የ45 ደቂቃ ዕረፍት እንዲወስድ ያስገድዳል። እዚህም ከሹፌሩ ጋር በጽሑፍ ልትስማሙበት ትችላላችሁ።