በቅጠል ጭማቂ ፎቶ የምታትሙ፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

«እንዳይደበዝዝ ምን ልቀባው?» አንቶታይፕ የጀመረ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ምንም! አንቶታይፕ ማለት የዕፅዋት ጭማቂ የተቀባ ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም በፕላስቲክ የታተመ ፎቶ አስተኝቶ፣ በመስታወት ተጭኖ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ ምስሉ የወጣው ፀሐይ ያገኘችውን ጭማቂ አንጥታ፣ የተጋረደውን ስለተወች ነው። ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉትም ያው ፀሐይ ሥራዋን ትቀጥላለች። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 በአበባ ጭማቂ ምስል ሲያወጣ ማጽኛ አላገኘለትም፤ ዛሬም የለውም። ቫርኒሽ ቢያዘገየው እንጂ አያስቀረውም። መደብዘዙን ካልወደዳችሁ ሌላ ዘዴ ሞክሩ፤ ከወደዳችሁት አልበም ውስጥ አኑሩትና እንግዳ ሲመጣ ግለጡት።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ። አንዱ ሠልጣኝ መስከረም ላይ አደይ አበባ ከነሥሩ ነቅሎ፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ ይዞልኝ መጣ። ሥራውን ሲያስረዳ ደግሞ «ለተፈጥሮ ያለኝ ስስት» ይላል። የምን ስስት? ዘሩን ሳይጥል የተነቀለ አደይ ለከርሞ ከየት ይበቅላል? ለአንድ ወረቀት እኮ አንድ ሁለት እፍኝ ቅጠል ይበቃል! ጉሊት ሲመሽ ጠውለግ ያለ ቆስጣ በርካሽ ይገኛል፤ ከዛፍ ስር የረገፈ አበባም ሞልቷል። ለተፈጥሮ አዝናለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ እጁን ይሰብስብ። ስለ ፎቶው ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ኔጋቲቭ (ጥቁሩና ነጩ የተገለበጠ ፎቶ) አታስቀምጡበት። ሳያኖታይፕ (በብረት ጨው ሰማያዊ ፎቶ የሚታተምበት ዘዴ) የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እዚያ ብርሃን ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፣ እዚህ ግን ይነጣል። ፖዘቲቭ ይሁን፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ በፕላስቲክ ላይ የታተመ።

ቆስጣውን አትቀቅሉት። ጥሬውን በሙቀጫ ወቅጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ውሃ ጠብታ ቢሆን ነው። እርድ ግን በውሃ እሺ አይልም፣ አልኮል ይፈልጋል።

ርጥብ ቅጠል መስታወት ስር አታስገቡ፤ ላቡ ወረቀቱን ያበላሸዋል። እንግሊዛዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ አና አትኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ የባሕር አልጌዎቿን ያለ ካሜራ፣ በሳያኖታይፕ ስታትም የደረቁትን ነው ወረቀቱ ላይ የምታስተኛው። እናንተም መጽሐፍ መሐል አድርቋቸው።

በየሰዓቱ እየከፈታችሁ አትዩ። ፕላስቲኩ ፀጉር ታህል ከተንሸራተተ ፊት ሁለት አፍንጫ ያወጣል። እርድ በሰዓታት ይደርሳል፣ ቆስጣ ቀናት ሊፈልግ ይችላል፣ ቀይ ስር ሳምንታትም ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትጀምሩ፤ ወረቀቱ ፀሐይ ሲጠብቅ ይሻግታል።