ጣፋጭ ወይንን ከምግብ ጋር እንዴት እናጣምር

እኛ ጋ ጣፋጭ ወይን የሚከፈተው ኬክ ሲቆረስ ነው። ልደት ይሁን ምርቃት፣ ክሬሙ ወፍራም የሆነ ቶርታ ጠረጴዛው መሀል ይቀመጣል፣ ሻማው እፍ ይባላል፣ ከዛ ጠርሙሱ ይመጣል። እኔም ለብዙ አመት እንደዛ ነበር የምጠጣው። እህቴ የተመረቀች ጊዜ ግን አንድ ዘመዳችን ከፈረንሳይ ያመጣልንን ሶተርን የሚባል ጣፋጭ ነጭ ወይን ከዛ ነጭ ቶርታ ጋር ቀዳንና ወይኑ ሎሚ የተጨመቀበት ውሀ ሆነብን፣ ተበላሽቷል ብለን ግማሹን ተውነው። በማግስቱ ከፍሪጅ አወጣሁትና ከተረፈ ጨዋማ ፎርማጆ ጋር ቀመስኩት፣ ማር ማር የሚል፣ ኮክ ኮክ የሚል፣ መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት ሌላ መጠጥ ሆነ። ወይኑ ምንም አልሆነም ነበር፣ ያበላሸው ኬኩ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሞክር ያገኘሁትን እንደ ቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ የያዛችሁት ምን አይነት ጣፋጭ እንደሆነ እወቁ

ጣፋጭ ወይን ሁሉ አንድ አይደለም። ጣፋጩ የሚመጣው እርሾው ወደ አልኮል ሳይቀይረው ከቀረው የወይን ስኳር ነው፣ እንዴት ቀረ የሚለው ነው ጣእሙን የሚለየው። የፖርቹጋሉ ፖርት መፍላቱ ሳያልቅ ጠንካራ የወይን አረቄ ይጨመርበታል፣ እርሾው ይሞታል፣ ስኳሩ ይቀራል፣ ለዛ ነው አልኮሉ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋው። ቦርዶ አካባቢ ያለው ሶተርን ደግሞ ከወንዝ የሚነሳው የጠዋት ጭጋግ ፍሬው ላይ ሻጋታ ያወጣል፣ ሻጋታው ልጣጩን እየበሳ ውሀውን ያስወጣዋል፣ የሚቀረው እንደ ዘቢብ የተኮማተረ፣ ስኳሩም ኮምጣጣነቱም የተጠራቀመ ፍሬ ነው። የሀንጋሪው ቶካይም የሚሰራው በዚሁ ሻጋታ ነው። የጣሊያኑ ሞስካቶ ዳስቲ ቀለል ያለ ነው፣ አልኮሉ 5 በመቶ ገደማ፣ ትንሽ አረፋ ያለው፣ የአበባ ሽታ ያለው። የኛው አክሱማይትና ሚዲየም ስዊት የሆነው አካሽያ በስኳር ከሶተርን ቀለል ይላሉ፣ ስለዚህ አብሯቸው የሚቀርበውም ቀለል ማለት አለበት።

2. ወይኑ ከምግቡ ይጣፍጥ

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ። የሚበላው ከወይኑ የበለጠ ጣፋጭ ከሆነ ምላሳችን ኬኩን ይለምድና ወይኑ ውስጥ ያለውን ስኳር አይቆጥረውም፣ የሚሰማን ኮምጣጣነቱና አልኮሉ ብቻ ይሆናል። የእህቴ ምርቃት ላይ የሆነው ይሄው ነው። ሶተርን በሊትር 120 ግራም ስኳርና ከዛም በላይ ሊኖረው ይችላል፣ ኮካ ኮላ እንኳን 105 ግራም ገደማ ነው፣ ግን ሶተርን ሲጠጣ እንደ ለስላሳ አይከብድም ምክንያቱም ኮምጣጣነቱ ሚዛን ይይዝለታል፣ ያን ሚዛን ነው በክሬም ኬክ የምንሰብረው። ስለዚህ ኬክ ግድ ከሆነ ክሬም ያልበዛበት፣ ፍራፍሬ ያለበት ወይ ደረቅ ስፖንጅ ይሁን። ባቅላባና ሙሸበክ ሽሮፕ የጠጡ ስለሆኑ አብዛኛውን ጣፋጭ ወይን ያሸንፉታል፣ የሚችላቸው የስፔኑ ፔድሮ ሂሜኔዝ ነው፣ እሱ እንደ ዘቢብ ከደረቀ የወይን ፍሬ የሚሰራ፣ ጥቁር፣ እንደ ሽሮፕ የወፈረ ነው። ይሄን ወይን ካገኛችሁ ቫኒላ አይስክሬም ላይ በማንኪያ አፍስሱበት፣ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

3. አቀዝቅዙት፣ ግን አታደንዝዙት

ጣፋጭ ወይን ሲሞቅ ስኳሩ ብቻ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሽታው ይጠፋል። ሞስካቶ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፣ ሶተርንና ቶካይ ከ8 እስከ 12፣ በርሜል ውስጥ ቆይቶ ቡናማ የሆነው ቶውኒ ፖርት ከ12 እስከ 14፣ ቀዩ ሩቢ ፖርት ከዛም ትንሽ ሞቅ ይላል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረውን ነጩን አውጥታችሁ 10 ወይ 15 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ አቆዩት፣ ቶውኒውን ሊቀርብ ግማሽ ሰአት ሲቀረው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ብርጭቆው ትንሽ ይሁን፣ 60 ወይ 70 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሰው በቂ ነው፣ በዚህ ሂሳብ ግማሿ ጠርሙስ አምስት ስድስት ሰው ታዳርሳለች።

4. አብሮ የሚሄደውን ምረጡ

እኔ ሁሌ የምጀምረው ከጨው ነው። ጨው ጣፋጩን ያጎላዋል፣ ጣፋጩ ደግሞ የጨውን ሹልነት ያለሰልሰዋል። ፈረንሳዮች ሶተርንን ሮክፎር ከሚባለው ሰማያዊ ሻጋታ ያለው ፎርማጆ ጋር ያቀርቡታል፣ እንግሊዞች በገና ፖርትን ከስቲልተን ጋር፣ ሁለቱም ከዚሁ ሀሳብ የመጡ ናቸው። የኛ አይብ ጨው ስለሌለው ብቻውን ይሄን አይሰራም፣ ግን ጨው ነስነስ አድርጋችሁበት ላዩ ላይ ትንሽ ማር ጠብ ካደረጋችሁ ከአክሱማይት ጋር ጥሩ ይሄዳል፣ በቁራጭ ድፎ ዳቦ ሞክሩት። ፎርማጆ ከሌለ ጨው ያለው የተቆላ ለውዝም ይሰራል፣ በተለይ ከቶውኒ ፖርት ጋር፣ ቶውኒው ራሱ የለውዝ ጣእም አለው። አይብና ክሬም በማይበላበት ቀን እንግዳ የሚመጣ ከሆነም ለውዝ፣ ቴምርና የደረቀ በለስ ይበቃሉ።

ከጨው ቀጥሎ የሚያቃጥለው ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያምነኝም። ዶሮ ወጥን ጠንካራ ድራይ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ወይን ይዘው የሚበሉ አሉ፣ አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፣ ቀዩ ውስጥ ያለው ምሬት ደግሞ ይጨምርበታል። ስኳር ግን ቃጠሎን ያበርዳል። ዶሮ ወጥና ጠጅ አብረው የኖሩት በከንቱ አይመስለኝም፣ ማሩ በርበሬውን ይይዛል፣ ጌሾው ደግሞ ጠጁን ከመሰልቸት ያድነዋል። እንደ ጠጅ የሚሆን ወይን ከፈለጋችሁ አልኮሉ ዝቅ ያለ ጣፋጭ ምረጡ፣ ለምሳሌ 8 በመቶ አካባቢ ያለው የጀርመን ጣፋጭ ሪስሊንግ፣ ወይ ቀዝቀዝ ያለ ሚዲየም ስዊት ነጭ። ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ላይም ሞክሩት፣ ቅቤው ከባድ ስለሆነ የሪስሊንጉ ኮምጣጣነት አፍ ያጥባል። ፖርት ግን ከወጥ ጋር አታቅርቡ፣ 20 በመቶ አልኮል ከበርበሬ ጋር አይሆንም።

ፍራፍሬ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የወይኑን ሽታ የሚመስለውን ምረጡ በቃ፣ ሞስካቶ ከኮክና ከእንጆሪ፣ ሶተርን ከማንጎና ከአናናስ። ማንጎው በጣም ከበሰለ ሎሚ ጠብ አድርጉበት።

ቸኮላት አስቸጋሪ ነው። የወተት ቸኮላት ከቶውኒ ጋር ይሆናል፣ ጥቁሩ፣ 70 በመቶው፣ ከሩቢ ፖርት ጋር ይሆናል፣ ምክንያቱም ሩቢው ከምሬቱ ጋር የሚታገልበት ጉልበት አለው። ነጩን ጣፋጭ ወይን ከጥቁር ቸኮላት ጋር አልመክርም፣ ሽታው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ጣሊያኖች ቱስካኒ ውስጥ ቪን ሳንቶ የሚባለውን ወይናቸውን ከደረቅ የለውዝ ብስኩት ጋር ነው የሚያቀርቡት፣ ብስኩቱን ወይኑ ውስጥ እየነከሩ፣ እኛም ደረቅ ብስኩት ለሻይ ስለምንነክር እንግዳ አይሆንብንም።

5. ከማቅረባችሁ በፊት ሶስቴ ቅመሱ

መጀመሪያ ወይኑን ብቻውን ተጎንጩና አፋችሁ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ቀጥሎ ምግቡን በደንብ አላምጣችሁ ዋጡ። ከዛ ወይኑን እንደገና። ሶስተኛው ጉንጭ ከመጀመሪያው ከቀጠነ ወይ ከኮመጠጠ ምግቡ ጣፍጦበታል፣ የተሻለ ጨው ያለው ነገር ፈልጉ። ከሰፋ፣ መጀመሪያ ያልነበረ ሽታ ከመጣ፣ አገኛችሁት። ይሄን እንግዳ ሳይመጣ ወጥ ቤት ቆማችሁ አድርጉት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

6. ቡናው ይቆይ

ቤታችን ውስጥ ቡና ከምግብ በኋላ ይፈላል፣ ወይኑም ያኔ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ግን አይሆኑም። ቡናው መቆላት ከጀመረ ጭሱና እጣኑ ክፍሉን ይሞላዋል፣ ሶተርን ይሁን አክሱማይት አፍንጫ ላይ ቦታ አያገኝም፣ አቦል ከተጠጣ ደግሞ ምሬቱ ምላስ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወይኑን ከነአጃቢው ቀድማችሁ አቅርቡ፣ ሰው ይጨርስ፣ ጨዋታው ይድራ፣ ከዛ ከሰሉ ይቀጣጠል።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት። ሶተርን አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ ቶውኒ ወር ገደማ፣ ሞስካቶ ግን አረፋው ስለሚሄድ በማግስቱ ጨርሱት። የሶተርኑ የመጨረሻ ጉንጭ ሲቀር አንድ ቁራጭ ጨዋማ ፎርማጆ አስቀሩለት።